ድንጋዩ እስኪመለስ

ያ ሰኞ እንደ ሌላው ሰኞ ነበር። አባታችን ፍየል ሊሸጥ ባቲ ገበያ ሄዷል። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ነን። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ድንጋዩ የሚወድቅበት ቦታ።

ወንድሜን በልጅነቱ ፖሊዮ ይዞት ሁለት እግሮቹ ሰልለው ቀርተዋል። የሚሄደው በክራንች ነው። ክንዱ ግን ብርቱ ነበር። የስፖርት መምህሩ ይህን አይቶ አሎሎ ውርወራ አስጀመረው። የሚወረውረው ተቀምጦ ነው። ወንበሩ እንዳይገለበጥ ችካል ተክለን በገመድ እናስረዋለን። የብረቱ አሎሎ ከትምህርት ቤት ስለማይወጣ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር ክብደቱ የሚመስል ድንጋይ መርጠን አመጣን።

ወንበሩም አንድ ነው። የክፍሉ ዴስክ ለእግሩ ስለማይመቸው ጠዋት ጠዋት ተሸክሜ ክፍሉ አደርስለታለሁ። ከሰዓት ሜዳ እወስደዋለሁ። ከዚያ ወደ ቤት።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ እኔ ዘጠነኛ። ፈተናው ደርሷል። ደሴ ላይ ደግሞ የአካል ጉዳተኞች ውድድር አለ። እሱ ሁለቱንም ፈለገ። አባታችን ግን የደሴውን ነገር መስማት አይወድም።

«እኔ ፍየል ስነዳ የኖርኩት እሱ በእስክሪብቶ እንዲበላ ነው» ይላል። «ድንጋይ ወርውሮ የጠገበ ሰው አላየሁም።»

ስለዚህ ወንድሜ አንድ ዘዴ አመጣ። እኔ መጽሐፉን ይዤ እጠይቀዋለሁ። እሱ ይወረውራል። ድንጋዩን አንስቼ እጁ ላይ እስካስቀምጥለት መመለስ አለበት። አርቆ ከወረወረ ማሰቢያ ጊዜ ያገኛል። ካላራቀ አያገኝም።

«የኩላሊት ሥራ?» አልኩት በዚያ ሰኞ።

«ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ቅርብ ወረወረ። ጎንበስ ሳልል መልሶ ጨረሰ።

«እሺ፣ የደም ዝውውር። ከልብ ጀምረህ እስክትመለስ።»

«ኧረ አንተ ጉርባ! ለዚህማ ጨፋ ሮቢት ድረስ መወርወር አለብኝ!» በኦሮምኛ ጉርባ የሚለኝ ሲስቅም ሲቆጣም ነው፤ አንተ ልጅ ማለቱ ነው።

ወረወረ። አሮጌው ገመድ ላላ፤ ወንበሩ ተንጋደደ፤ በክንዱ መሬቱን ባይዝ ወድቆ ነበር። ድንጋዩ ግን ከዚህ በፊት ደርሶበት የማያውቅ ቦታ አረፈ። እዚያው እንጨት ተከልኩ። ደስ ብሎኝ ድንጋዩን አቅፌ ስሮጥ ይጮህብኛል፦

«አትሩጥ! ቀስ በል! ገና ሳንባ አልደረስኩም!»

አባታችን ሲመሽ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ገባ። አዲስ ገመድ፣ የግመል መጫኛ፣ ትከሻው ላይ ነበር። አውርዶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ወደ እኛ አላየም።

«የድሮው ይላላል አሉ» አለ።

ወንድሜ ገመዱን አየ፤ አባቴን አየ። «አባ፣ ደሴ ልሂድ ማለት ነው?»

«እኔ ገመድ ነው ያመጣሁት። ፈተናውን ባታልፍ በዚሁ ገመድ ፍየል ትጎትታለህ።»

«ኢንሻ አላህ አልፋለሁ።»

«እናያለና።» እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። ወንድሜ ገመዱን አሸተተው። «ግመል ግመል ይላል» አለ። እስኪተኛ ድረስ ከእጁ አላወጣውም።

ማክሰኞ እንደተለቀቅን ወንበሩን ሜዳ ወሰድኩት። ወንድሜ ከሒሳብ ጥናት በኋላ እመጣለሁ ብሎኛል። ችካሎቹን ተከልኩ፤ በአዲሱ ገመድ አሰርኩ። በሁለት እጄ ብጎትተው ወንበሩ አልነቃነቅም አለ። መጽሐፉን ይዤ ጠበቅኩት።

የመጡት የክፍሉ ልጆች ናቸው። ራቅ ብለው ቆሙ። ወንድሜ የተሳፈረባት ባጃጅ አስፋልቱ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ ነበር። መጽሐፉን ወንበሩ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። አልደረስኩበትም። ያንኑ ቀን መግሪብ ሳይደርስ ቀበርነው። ስለዚያ... ሌላ የምጽፈው የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ሰዎች ዱዓ ሊያደርጉ ይመጡ ነበር። አባቴ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ጠራኝ።

«ወንበሩ የት ነው?»

«ሜዳ ላይ። አስሬዋለሁ።»

«በአዲሱ?»

«አዎ አባ።»

ከዚያ «ጥሩ ያዘ?» አለኝ።

«ይዟል።»

ራሱን ነቀነቀና አቀረቀረ። እኔ ወጣሁ።

ወንበሩ እንደተውኩት ነው። መጽሐፉን ጤዛ አርሶታል። ገጾቹን ቀስ ብዬ አላቅቄ፣ ሰኞ ካቆምንበት ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ፈለግኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ ድንጋዩን ከወንበሩ ሥር አንስቼ እንጨቱ ድረስ ሄድኩ፤ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆሜ መልሼ አነሳሁት። ስመለስ አልሮጥኩም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀስ ብዬ ሄጄ አላውቅም።

ድንጋዩን ወንበሩ ላይ አኖርኩ። ጸሐይዋ እስክትወጣ ቆየሁ።

ከዚያ ገመዱን ፈትቼ ጠቀለልኩ፤ ድንጋዩን አወረድኩ። ወንበሩን ተሸክሜ፣ ደወል ሳይደወል፣ ክፍሉ አደረስኩለት።