የሐቦባ ዘይነብ ፖም

ዛሬም ቡታጋዙ ላይ የጣድኩት ፖም ከቀረፋው ጋር መፍላት ሲጀምር ሽታው እንደ ልማዱ አንገቴን አስደፋኝ። ሌላው ሰው በዚህ ሽታ ምራቁን ይውጣል፤ እኔ አፍራለሁ። እናቴ ጥርሶቿ ካለቁ ወዲህ የምትወደው ይህንኑ ስለሆነ፣ ገዳሪፍ ገበያ ፖም በገባ ቁጥር ጎኑ የተመታውን በርካሽ መርጬ፣ ልጬ፣ በጥቂት ውሃ አፍልቼ፣ ልስልስ እስኪል በእንጨት ማንኪያ እደፈጥጠዋለሁ።

በልጅነቴ ይህን የሚሠራው የእናቴ እጅ ነበር። ከመተማ በገላባት ተሻግረን እዚህ ስንገባ፣ ማን ናችሁ ሳትል ከግቢዋ አንዲት ክፍል የሰጠችን ሐቦባ ዘይነብ ናት። ሐቦባ ሱዳኖች አያትን የሚጠሩበት ስም ነው፤ እኔም ሌላ አያት አላውቅም። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በምትከናነበው ቶብ ጫፍ ከረሜላ ቋጥራ የምታቆየኝ ሴት ነበረች። ታማ ምግብ አልዋጥ ሲላት፣ እናቴ ሰው ቤት ስታበስል የተማረችውን የፖም ቅቅል አስባ፣ ነገ እሠራልሻለሁ ብላ ቃል ገባችላት። በማግስቱ ከሰል ላይ ጥዳ አበሰለችው፤ በሳህን ሞልታ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍና ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ሮጠች። የቀረኝ ግቢውን ማቋረጥ ብቻ ነበር።

ወሩ ረመዳን ነበር። እናቴ ወባ እያንቀጠቀጣት እንኳ ጾሟን የማትፈታ ሴት ናትና፣ የታመመ ሰው ከጾም ነጻ መሆኑን ከማን ልስማ? ግቢው ውስጥ በተከመሩት የሰሊጥ ጆንያዎች ጥላ ቁጭ ብዬ ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው አወጣሁ አወረድኩ። አሁን ብሰጣት ጾም ላስገድፋት ነው፤ እስኪመሽ ባቆየው በገዳሪፍ ሙቀት ይበላሻል። ሐቦባን ከኃጢአት ለማዳን አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ሁለተኛው ማንኪያ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ስትመለስ፣ ጥርግ አድርጋ በላችልሽ አልኳት።

ደስ ብሏት እጄን ይዛ ልትጠይቃት ገባች፤ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋም ፖሙ ተስማምቷት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሐቦባ እኔን አየችኝ። አገጬ ላይ ቀረፋ ደርቆ ነበር።

«ተማም፣ ደህና ነው» አለች፣ «አላህ እጅሽን ይባርከው።»

ዒድ ሳይደርስ ሞተች። ለቅሶው ላይ ምራቷ ስታወራ ሰማሁ፤ ፖሙ በተሠራበት ቀን ወደ ገበያ ከመውጣቷ በፊት ገንፎ ብታቀርብላት፣ ፖም ይመጣልኛል ብላ መለሰችው። እናቴ ይህን ሰምታ፣ እንኳን ደረስኩላት ብላ ተጽናናች። እኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ሄጄ ተሸሸግኩ።

ያ ግቢ ዛሬ መጋዘን ሆኗል፤ ሐቦባም፣ የከረሜላው ቋጠሮም የሉም። ያልጠፋው የኔ ውሸት ብቻ ነው፤ እሱማ በየዓመቱ እየሰባ ሄዷል። እናቴ ሳህኑ ፊት በተቀመጠች ቁጥር ለዚያች ሴት ውለታ የመለስኩት በዚያ ፖም ብቻ ነው ትልና፣ እንዴት አድርጋ እንደበላችው ንገሪኝ ትለኛለች። ስንት ጊዜ እውነቱን ላወጣ አስቤ፣ ያችን አንዲት መጽናኛዋንም እንዳልነጥቃት ፈርቼ ተውኩት። ዛሬም ጠየቀችኝ።

«ቀስ ብላ ጀመረች» አልኳት። «ኋላ ግን ሳህኑን በጣቷ ጠረገችው፤ ማንኪያውንም ላሰችው።»

እናቴ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች። ከዚያ ግማሹን ትታ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

«በይ ይህን አንቺ ብይው» አለችኝ፤ «ያን ቀን እንኳ ሳላስቀምስሽ ነው የላክሁሽ።»