ለነርሷ ባል ፍለጋ

በንጉሡ ዘመን፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች፣ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጢሜ ገና ያልሞላ፣ የሴት እጅ ከሰላምታ አልፌ ያልነካሁ ሰው ስሆን አራት ተከታታይ የፍቅር ልብ ወለድ ልጽፍ ቆረጥኩ። ስለማያውቁት ነገር አንድ መጽሐፍ መጻፍ ድፍረት ነው፤ አራት መጻፍ ግን ጤና አይመስለኝም።

ንጉሥና ልዕልት የሌሉበት፣ የዚያው ዘመን ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ፣ ጭቃ እየረገጠ የሚዋደድበት ታሪክ ነበር የፈለግኩት። ኃላፊዬ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ በጽሕፈት መኪናው እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። ሌላው ጠግቦ ሲመለስ እኔ በባዶ ሆዴ ሁለት ሰው አሳስሜ እጠብቀዋለሁ።

ዕቅዴን ባለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ጽፌ ከአልጋዬ በላይ በሚስማር መታሁት። ጎባ ውስጥ ወፍጮ ቤት ያላቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው በየመጽሐፉ ተራ በተራ ይዳራሉ። አንባቢው እንዳይሸሸኝ፣ የሚመጡትን ሙሽሮች ባለፉት ሠርጎች ላይ አስቀድሜ ብቅ አደርጋቸዋለሁ። ይህችን ዘዴ ያገኘሁ ዕለት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ለራሴ አጨበጨብኩ።

አታሚ አልነበረኝም። በካርቦን ከሚወጣው ሁለት ቅጂ አንዱን ለአከራዬ አነብላቸዋለሁ፤ አባታቸው ከሸዋ መጥተው ጎባ የሰፈሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ቤቱንም እኔንም በአንድ ድምፅ የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። ሌላውን ቅጂ ቅዳሜ ከሰዓት ሮቤ ላለው ልብስ ሰፊ ወዳጄ አደርሳለሁ። እሱ የጊኒር ሰው ነው፤ እኔ በአማርኛ የጻፍኩትን ለደንበኞቹ በኦሮምኛ እየመለሰ ያነባል። ሲመልስም ዝም ብሎ አይመልስም፤ ለወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ እኔ ያልሰጠኋቸውን ጎሳ ሰጥቷቸዋል።

ሁለቱ መጻሕፍት በሰላም አለፉ። ሦስተኛው የሽማግሌው የልጅ ልጅ የሆነችው ነርስና የአንድ ቀያሽ ፍቅር ነበር። አንድ ምሽት ለአከራዬ ሳነብ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ቆይ እስቲ። ይሄ ቀያሽ በመጀመሪያው ሠርግ ላይ እስክስታ የወረደው አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«የባለ ወፍጮው ወንድም የልጅ ልጅ ነው ብለህ አልነበር?»

«ብዬ ነበር።»

ጣታቸውን ዘረጉ። አባቷን፣ አያቷን፣ አባቱን፣ አያቱን ጠሩ። ከዚያ ጣታቸውን ሰብስበው እኔን አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰባት ቤት ቀርቶ አራት እንኳ አልራቁም! ዘመዳሞች አጋብተህ በእኔ ጣሪያ ሥር መብረቅ ልታስወርድ ነው?»

ቀያሹን ሠርጉ ላይ ለማስጨፈር ሰበብ ብፈልግ አጥቼ ነበር ዘመድ ያደረግኩት። እንደ ሽሮ በየመጽሐፉ የበጠበጥኩት ዝምድና አሁን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንዳላርመው ደግሞ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከእጄ ወጥቷል፤ የሮቤውን ቅጂ አንድ የከብት ነጋዴ ተውሶ ጊኒር ወስዶታል፤ ያንን እስክስታ የማያውቅ የለም። ሦስተኛው ከተሰናከለ አራተኛው የሚንጠለጠልበት የለውም። ተከታታይ ድርሰቴ እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ሳምንት ሙሉ ቀን መቁጠሪያውን ስመለከት ቆየሁና ዘዴ መጣልኝ። ነርሷ በሥጋ የሽማግሌው ወገን አይደለችም፤ ከአጋርፋ በሕፃንነቷ በጉዲፈቻ የመጣች ናት! አከራዬ አፋቸውን አጣመው «እንግዲህ ደም ካልተገናኘ» አሉ። ምዕራፉን በጽሕፈት መኪናው መታሁት፤ ቅዳሜ እየፎከርኩ ሮቤ ወረድኩ።

ልብስ ሰፊው አንብቦ ጉዲፈቻው ላይ ሲደርስ ሱቁ ተናወጠ። «ሂን ታኡ!» አሉ ደንበኞቹ በአንድ አፍ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው።

«ምኑ ነው የማይሆነው?» አልኩ።

«ኦቦሌሳ» አለኝ ወዳጄ፣ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ «የአጎት ልጅስ ቢሆን በእኛ በሙስሊሞች ኪታብ ምንም የለበትም። እዚህ አገር ግን ከጎሳ አይጋቡም። ጉዲፈቻ ደግሞ ልጅ ነው። የባለ ወፍጮው ጎሳ ጎሳዋ ሆኗል።»

«በሥጋ እኮ አልወለዷትም!»

ሱሪያቸው ጠቦ እስኪሰጣቸው አግዳሚው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ያሳደጋትን ሰው፣ በስተርጅና፣ ልጄ አይደለሽም ልታሰኘው ነው? ለአንድ ቀያሽ ብለህ?»

ወዳጄ ሳቁን እየዋጠ «በፊት ትንሽ ዘመድ ነበረች፤ አንተ አሁን ፈጽሞ አዘመድካት» አለ።

በጭነት መኪና ወደ ጎባ ስመለስ፣ ገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ብርዱ ጆሮዬን ሲቆርጠው፣ መተው የሚባል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር። አባረርኩት። አከራዬም ሱቁም ያዩትን፣ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ለምን አያዩትም? እኔ ብቻ ነኝ ዓይኔን የጨፈንኩት።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጉዲፈቻውን ቀድጄ ጀመርኩ። ቀያሹ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ዘር ይቆጥራሉ። እየቆጠሩ ድምፃቸው ይወርዳል፤ በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ ጋቢውን ያስተካክላል፤ ሌሎቹም ተከትለውት ይወጣሉ። ነርሷ በማግስቱ ሥራ ትገባለች። ቀያሹ መሣሪያውን ጭኖ ወደ ቆላ ይዛወራል። ይህን ስጽፍ ጽሕፈት መኪናው ላይ አለቀስኩ፤ ኃላፊዬም ሲገቡ አይተው የታመምኩ መስሏቸው ወደ ቤት ላኩኝ።

ሮቤ ሲነበብ፣ ወዳጄ እንደነገረኝ፣ ባለ ሱሪው ሽማግሌ ልብሳቸውን ረስተው ሄዱ። አከራዬ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሰሙና ጣቶቻቸውን እያዩ «ምነው ባልቆጠርኩ!» አሉ። ወዲያው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«በል፣ አራተኛው የማን ነው?»

«የታናሽ ወንድሟ ነው፣ እትዬ።»

«ወንድሟ ይቆይ! ይህችን ልጅ እንዲህ ትተሃት ልትተኛ ነው?»

ወዳጄም በከብት ነጋዴው በኩል ያንኑ ላከብኝ፤ ሱቁ ነርሷ ሳትዳር ሌላ አልሰማም ብሏል። ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርጄ ዕቅዱን ሰረዝኩና ብልጥ ሆንኩ፤ አንድ መስመር ሳልጽፍ ባሏን አስቀድሜ ለአከራዬ አቀረብኩ።

«መምህር ነው» አልኩ።

«የማን ልጅ?»

ለዚህማ ተዘጋጅቻለሁ። «ከሩቅ አገር የመጣ ነው፣ እትዬ። እናት የለው፣ አባት የለው፣ አጎት የለው። ቢቆጠር ቢቆጠር ከማንም ጋር አይገናኝም!»

አከራዬ እንዝርታቸውን አስቀመጡ።

«ዘመድ ለሌለው ሰው» አሉ፣ «ልጄን አልሰጥም።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ወረቀት አስገባሁና፣ በጣቴ እየቆጠርኩ፣ ለመምህሩ አያት መፍጠር ጀመርኩ።