«መቼ አረጥሽ?» ይሉ የነበሩት አክስቴ

ወገዳ የሚኖሩት አክስቴ የወር አበባቸው የቀረው ገና አርባ ሳይሞላቸው ነው። ሐኪሙ «ቀድሞ የቀረባት ሴት ልቧንም ቀድማ ትታይ» ካላቸው ወዲህ፣ ሴት ባገኙ ቁጥር ከሰላምታ አስከትለው «መቼ አረጥሽ?» ይሉ ነበር።

በሠርጌ ማግስት አማቴን ጠየቋቸው። እኔ መግቢያ አጣሁ።

«ኧረ እትዬ፣ በሰው ፊት?» አሉ አማቴ።

«ልብ ሲቆም በሰው ፊት ነው ብሎ መች ያፍራል?»

አማቴ ሳይወዱ ሳቁ፤ «እኔም እንደርስዎ በጊዜ ነው የቀረብኝ» አሉ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። የአማቴ ደም ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘና መድኃኒት ጀመሩ።

ዘንድሮ አክስቴ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። በተዝካራቸው ቀን አማቴ ክኒናቸውን በጠላ ሊውጡ ሲሉ፣ እንደ አክስቴ የሚቆጣቸው ሰው ፈልገው ቀና አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። ፈገግ ብለው ጠላውን አስቀመጡና «ውኃ አምጪልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።