በር የሌለው ግቢ

ምንያህል ዘበኛ ነበር። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት «ድራይቨር ነኝ» ነበር የሚለው። አልዋሸም፤ ከአገሩ ወጥቶ ኮሎምበስ ከተማ ከገባ ጀምሮ ለኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ሕሙማንን በቫን ያመላልስ ነበር። ግን ሰው በወጣትነቱ የያዘው ሥራ ከአጥንቱ ቶሎ አይወጣም። ዛሬም ቢሆን ሰው ቤት ሲጋበዝ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው፤ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚገባበት፣ ማን እንደሚወጣበት። ሚስቱ አፀደ «አንተ ሰውዬ፣ ልትጠብቀው ነው የመጣኸው ወይስ ልትጋበዝ?» ትለዋለች።

ልጃቸው ሔርሞን የከተማው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ ዕቃዋን ጭኖ የወሰዳት እሱ ነው። ሃይ ስትሪትን ይዞ ወደ ሰሜን እየወጣ ግራና ቀኝ ሲያማትር ቆየና «በሩ የት ነው?» አላት።

«ዋት ጌት፣ ዳድ?» አለችው።

እውነትም በር አልነበረም። አንዱ ሕንፃ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ አጠገቡ ፒዛ ቤት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና የዩኒቨርሲቲው። አጥር የለ፣ ፈታሽ የለ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለ። ምንያህልን ይህ ነገር አናደደው። ያን ያህል የሰው ልጅ ሰብስቦ እንዲህ ተበትኖ የተተወ ግቢ አይቶ አያውቅም። የሆነ ቦታ በር መኖሩ አይቀርም፣ እኔ ስላላየሁት ነው እንጂ ብሎ ለራሱ ደመደመ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እሱ የሚያውቀው ግቢ በር ነበረው። ክፍለ ሀገር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጥበቃ ሆኖ ሲሠራ፣ የተማሪ ላፕቶፕ ነጥቆ የሚሮጥ ሌባ አየ። ሌባው በሩን አልፎ ወጣ። ምንያህልም ዱላውን እንደያዘ ተከተለውና ገበያው መሃል ላይ አንገቱን ያዘው። ተሸለመ ብላችሁ ካሰባችሁ ተሳስታችኋል። የከተማው ፖሊስ ሌባውንም እሱንም አንድ ክፍል ውስጥ አሳደራቸው። «ከበር ውጪ ሰው እንድትይዝ ማን ሥልጣን ሰጠህ?» ነበር ጥያቄው። ጠዋት ሊያስፈታው የመጣው የጥበቃ ኃላፊም አላዘነለትም፤ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ብሎ ሰው ፊት ገሠጸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ በልቡ ታተመ፤ የግቢ ጥበቃ ከበሩ ከወጣ እንደማንም ተራ ሰው ነው።

ባለፈው የፀደይ ወራት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አፀደ የሠራችውን ወጥ ለሔርሞን ሊያደርስ ሄደ። ልጅቱ ከጓደኞቿ ጋር ከዩኒቨርሲቲው በስተምሥራቅ ቤት ተከራይታለች። ወጡን ሰጥቷት ሲመለስ ስቶፕ ሳይኑ ላይ በደንብ ሳይቆም አለፈ። እሑድ ቀን፣ ባዶ መንገድ ላይ፣ ማን በደንብ ይቆማል? ወዲያው ከኋላው ሰማያዊና ቀይ መብራት በራ። በመስታወት ሲያይ መኪናው ላይ የተጻፈው የዩኒቨርሲቲው ስም ነው። ዙሪያውን ተመለከተ። የኪራይ ቤቶች፣ በረንዳ ላይ የተጣለ አሮጌ ሶፋ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት። ግቢ የሚመስል ነገር የለም።

«ምስኪን፣ ከበሩ ወጥቷል» አለ በልቡ።

እውነቴን ነው፣ ያሰበው ይህንን ነው። ፖሊሱ ወጣት ነው፤ አዲስ ተቀጣሪ መሆን አለበት፤ ሕጉን የነገረው የለም። ምንያህል ከቆመለት ነገሩ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ የከተማው ፖሊስ ይደርሳል፣ ከዚያ ልጁ እንደ እሱ ታስሮ ማደሩ ነው። ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አደረገና እጁን አውጥቶ እንደ ሥራ ባልደረባ ሰላም አለው። በመዳፉም ተመለስ፣ ተመለስ ብሎ ምልክት ሰጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ።

መብራቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ሳይረን ተጨመረበት። ምንያህል ግራ ገባው እንጂ አልፈራም፣ ፍጥነትም አልጨመረም። ሃይ ስትሪት ሲደርስ ሁለት የከተማ ፖሊስ መኪኖች ከፊት ዘጉት፤ ለእነሱ ወዲያው ቆመ። አስወርደው እጁን በካቴና ሲያስሩት እንኳ ዞሮ የሚያየው ወጣቱን ነበር፤ ምን ይሉት ይሆን ብሎ ሰግቶለት። ምንም አላሉትም። የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረጉና ሳቁ።

ያኔ ነው ምንያህል ውስጥ የሆነ ነገር ቀጥ ያለው። ደነገጠ ማለት አይቻልም፤ የደነገጠ ሰው እኮ ይጮሃል፣ ይለምናል። እሱ ዝም ብሎ ደነዘዘ፤ ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ። እቤት ተመልሶም መደንዘዙ አለቀቀውም።

ክሱ የፖሊስን ትእዛዝ አለማክበር ነው። ከተፈረደበት ላይሰንሱ ይታገዳል። ያለ ላይሰንስ ቫን የለም፤ ያለ ቫን ደግሞ ሥራ የለም። አፀደ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። እሱ የሻይ ብርጭቆውን እያየ «ነገ ጎማውን ማስነፋት አለብኝ» አለ።

የተመደበችለት ጠበቃ ነገሩን በአስተርጓሚ ስትሰማ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ግን ካርታ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የዩኒቨርሲቲ ፖሊስ እስከ የት ድረስ ነው የሚያገባው? ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም፣ ፍርድ ቤት ይዘነው እንቀርባለን አለች። አፀደ ተስፋ አደረገች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ጠበቃዋ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ዩኒቨርሲቲውና ከተማው ስምምነት አላቸው፤ ተማሪ በሚኖርባቸው በነዚያ መንገዶች ላይ የዩኒቨርሲቲው ፖሊስም መኪና ማቆም፣ ሰው ማሰር ይችላል።

አስተርጓሚዋ ሮማን ይህን ከተረጎመች በኋላ የራሷን ጨመረች። «ጋሼ ምንያህል፣ ሰውየው እኮ ዘበኛ አይደለም። ሙሉ ፖሊስ ነው። ፑል ኦቨር ካደረገዎት፣ ዳር ያዝ ካለዎት፣ መቆም ነው።»

«እሺ» አላት፤ ልክ ጨው አቀብለኝ እንዳሉት ሰው።

በችሎቱ ቀን ወጣቱ ፖሊስ መሰከረ። «እጁን አውጥቶ አውለበለበልኝ፤ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ» አለ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ምንያህልን ለምን እንዳውለበለበ ጠየቁት።

«ሰላም ልለው ነው» አለ ምንያህል። «እኔም የግቢ ጥበቃ ነበርኩ። ከበሩ ወጥቶ ስላየሁት፣ ብቆምለት እሱን ያስሩታል ብዬ ነው። እኔን አስረውኝ ያውቃሉ።»

ሮማን ተረጎመችው። ስትጨርስ ዳኛዋ «የትኛው በር?» ብለው ጠየቁ።

ስንት ጊዜ ፈልጎ ያጣውን በር ለዳኛ ከየት አምጥቶ ያሳይ? «አላውቅም» አለ። ወጣቱ ፖሊስ አንገቱን ደፋ። ዳኛዋ ማዘናቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ ሕግ ግን ሕግ ነው። እስር ቀረለት። ላይሰንሱ ለአንድ ዓመት ታገደ።

ቫኑን ሌላ ሰው ተረከበው። ያመላልሳቸው ከነበሩት ሕሙማን አንዷ፣ እትዬ ዓለምነሽ፣ ደውለው «ምነው ጠፋህ? አዲሱ ልጅ እኮ ደግፎ እንኳ አያወርደኝም» አሉት። «እመለሳለሁ እትዬ» አላቸው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ በእጁ ይዞት ቆየ፤ ማልቀስ ፈልጎ ነበር፣ አልመጣለትም። አሁን ኢስተን የሚባል ሰፈር ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ያጥፋል። ከሚኖርበት ከሂልቶፕ እዚያ ድረስ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። የአንሶላው ሥራ ደግ ነው፣ ምንም ማሰብ አይጠይቅም ይላል።

በቀደም እሑድ የወጥ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይዞ ከአውቶቡስ ወረደና ወደ ሔርሞን ቤት በእግሩ ሄደ። ልጅቱ በረንዳው ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። የልብስ ማጠቢያ ቤቱን እንዳለፈ የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ መኪና ከፊት ለፊቱ መጣና ፍጥነቱን ቀነሰ። የሚነዳው ያ ወጣት ነው። ምንያህልን ለየው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣና ሰላም አለው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ምንያህል ግን አልበረየም። ቆመ። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ሁለቱን መዳፎቹን ከፍቶ እንዲታዩ ከጎኑ ራቅ አደረጋቸው፣ ዓይኑንም ወደ ታች ሰበረ። ወጣቱ የዘረጋው እጁ እንደተንጠለጠለ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ውስጥ መለሰውና ቀስ ብሎ አለፈ።

«ዳድ፣ ሂ ጀስት ሰይድ ሃይ» አለችው ሔርሞን ከበረንዳው።

«አውቃለሁ» አላት።

መኪናው ጥጉን ዞሮ እስኪጠፋ ድረስ ግን እጆቹን አልሰበሰበም፣ ፌስታሉንም አላነሳም። ወጡ ቀዝቅዞ ነበር፤ ሔርሞን አሞቀችው።