ዘሀራ የቆረሰችው አፈር

በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ጨፌ አንዲት ሴት በአዲሱ የውሃ መስመር ላይ የተከመረውን አፈር በዶማ ቆርሳ ጎርፉን ለቀቀችው። እኔ እዚያው አጠገቧ ቆሜ ነበር።

በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በጦርነቱ ጊዜም ወሎ ውስጥ ብዙ አይቻለሁ። ሆኖም ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቀኝ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው። ዜና ሆኖ አልወጣም።

የሄድኩት ስለ ውሃው ልዘግብ ነበር። በጦርነቱ የከተማዋ መስመር ተጎድቶ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት ከርሟል። ጦርነቱ ከአካባቢው ራቅ ሲል አንድ ሥራ ተቋራጭ አሮጌውን ቧንቧ በሰፊ ቧንቧ ሊተካ መጣ። በአስፋልቱ ዳር እንዳይቆፍር፣ ያልፈነዳ የከባድ መሣሪያ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ መስመሩ በጨፌው መሀል እንዲያልፍ ተወሰነ።

ጨፌው ከአምባሰል ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ የሚተኛበት ነው። በክረምት ውሃው እዚያ ተንጣልሎ ደለሉን በሣሩና በደንገሉ ሥር ይጥላል፤ ከዚያ ጠርቶ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ይገባል። እዚያ የሚያርስ የለም፤ ከብትም እስከ መስከረም አይገባበትም። ይህን የሚያስከብረው ቅሬው ነው። ቅሬ በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ከቀብር አልፎም የመንደሩን ጉዳይ ይዳኛል።

ቅሬው ከተቋራጩ ጋር ተስማማ። ተቋራጩ ቧንቧውን ከቀበረ በኋላ ክረምት ሳይገባ ትርፉን አፈር አንስቶ ጨፌውን እንደነበረ ሊያስተካክል ቃል ገባ። በጦርነቱ ማግስት ዝርፊያ በዝቶ ነበርና ቅሬው ደግሞ መስመሩን ማንም እንዳይነካው ዋስ ሆነ። የነካ ከቅሬ ይወጣል ተባለ። ከቅሬ በወጣ ሰው ቤት ሞት ቢገባ የቀብር ጥሪ አይጠራም።

ቧንቧው ተቀበረ። ትርፉ አፈር ግን ከጨፌው ጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ግድብ ተከምሮ ቀረ። ማሽኑ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ዝናቡም ገባ።

እኔ ስደርስ ጎርፉ ከክምሩ ኋላ ተጠራቅሞ ወደ መንደሩ እየተመለሰ ነበር። መጀመሪያ የሚያገኘው የዘሀራን ቤት ነው። የቀድሞው ቤቷ በጦርነቱ ፈርሷል፤ ባሏ ሰይድም ያን ጊዜ ተመትቶ ከአልጋ ውሏል። ይህኛውን በበጋው የቅሬው ሰዎች በደቦ ነው የሠሩላት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ሥሩ ውሃ ከጠጣ አይቆምም።

ጎረቤቶቹ ሰይድን ከነአልጋው ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አወጡት። የቀረው ሰው ክምሩ ላይ ቆሞ ውሃውን ያያል።

«ሐይቁ ራሱ መጣልን። ዓሣ ይዞ እንደሆነ መረብ አምጡ» አለ አንድ ጎልማሳ። ጥቂቶች ሳቁ።

የቅሬው ዳኛ አያ ይመር ለተቋራጩ የሥራ ኃላፊ እንድደውል ለመኑኝ። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ የሁሉም ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ የእኔ መኪና ውስጥ ተሞልቶ ነበር። ደወልኩና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ማሽኑ ውጫሌ ነው፤ ነዳጅ የለውም። ነገ ጠዋት ይመጣል» አለ ኃላፊው። «እስከዚያ ማንም እንዳይነካው። ክምሩ ከተቆረሰ ውሃው ቧንቧውን ይዞት ይሄዳል። ቃል ገብታችኋል።»

«ቃሉን እናንተ መቼ ጠበቃችሁና!» አለች ዘሀራ ወደ ስልኩ ጮክ ብላ።

ሰውየው ዘጋው። ደግሜ ብደውል አላነሳም።

«ታገሽ ልጄ» አሏት አያ ይመር። «ከተማው ሙሉ ይችን ውሃ ነው የሚጠብቅ። የቅሬ ቃል ከተሰበረ ነገ ማን ያምነናል?»

«አያ ይመር፣ አንቱ በእጅዎ የመረጉት ግድግዳ እኮ ነው!»

«መርጌያለሁ። ከወደቀም ኢንሻአላህ ደግመን እንመርጋለን።»

«ወላሂ ሌላ ቤት የምጀምርበት አቅም የለኝም። ለቀብሬ የምትመጡ ከሆነ ዛሬ በቁሜ ኑልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ዘሀራ አጠገቧ ከቆመው ሰው እጅ ዶማውን ወሰደች። ሰውየው አልከለከላትም።

«አንች፣ ተይ! ከቅሬው ትወጫለሽ» አሉ አያ ይመር።

«ሰምቻለሁ» አለችና መቆፈር ጀመረች።

ያስቆማት የለም፤ የረዳትም የለም። ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ አለፈ። ወዲያው ክምሩ በሁለቱም በኩል ይናድ ጀመር። ከቤቷ ግድግዳ ሥር የደረሰው ጎርፍ ሲሸሽ አየሁት። ቀጥሎ ውሃው ገና ያልተጠቀጠቀውን የቧንቧ ጉድጓድ ይዞ ወረደ። ቧንቧው ከመጋጠሚያው ተነቅሎ ብቅ አለ። ሳይመሽ በደንገሉ መሀል እስከ ሐይቁ የሚደርስ ገደል ተከፍቶ፣ በጨፌው ይቀር የነበረው ደለል ሁሉ ቀይ ሆኖ ሐይቁ ውስጥ ይገባ ነበር።

ቤቱ ተረፈ። ከተማው ግን ውሃ ሳያገኝ ቀረ። በነሐሴ ጦርነቱ ሲያገረሽ ጥገናው ቆመ። ቅሬውም ተሰብስቦ ዘሀራን አወጣት። ፍርዱን የተናገሩት አያ ይመር ናቸው። ተቋራጩን አፈሩ ለምን እንዳልተነሳ ጠይቄው መልስ አልሰጠኝም።

በተከታዩ ዓመት መጋቢት ላይ ተመልሼ ሄድኩ። የመንገዱ ዳር ተፈትሾ ቧንቧው በዚያ ዞሯል፤ ውሃም ይመጣል። የጨፌውን ውሃ ግን ያ ገደል አጥፍፎታል። ደንገሉ ቆሞ ደርቋል፤ ሣር በሚኖርበት ወር መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ከብቶቹ የሚበሉት ከሌላ ቦታ የመጣ ገለባ ነበር።

አያ ይመርን አገኘኋቸው። ስለዚያ ቀን ማውራት አልፈለጉም፤ ስለ ጨፌው ብቻ «እንግዲህ ሄደ» አሉኝ። ዘሀራ በር ላይ ሆና ሰላም አለችኝ፤ አላስገባችኝም።

ማን ትክክል ነበር ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ብዙ አስቤበታለሁ፤ አላውቅም እላለሁ። ያን ደረቅ ደንገል ሳስብ ግን እስካሁን ይከብደኛል።

ሰይድ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ አረፈ። የሆነውን በስልክ ከሁለት ሰዎች አጣርቻለሁ። የቅሬው ጥሪ አልተጠራም። ቃሬዛውን የያዙት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ ከፊት የተሸከሙት አያ ይመር ናቸው።