ከነጭቃህ ግባ

መካነ ኢየሱስ ከተማችን «የጥበብ ጉዞ» የሚባል ነገር ከጀመረች ገና ዓመት አልሞላትም። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ከመናኸሪያው ተነሥቶ ወደ አዳራሹ በእግሩ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች በራቸው ላይ ሥዕል ይሰቅላሉ። ሰው ቆሞ ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዋጋ ይጠይቃል፣ ሳይገዛ ያልፋል። የጉዞው ማብቂያ አዳራሹ ነው፤ እዚያ ዘፈን አለ። ጥበብ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ፊደል ሳስቆጥር የኖርሁ ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ከእኔ የተወሰደ ነገር ስላለ ነው።

ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነበር። ሥራው እግር ነው፤ ከማሳ ማሳ እየዞረ የገብሱን ዋግ፣ የስንዴውን ቡቃያ ያያል። ኪሱ መቼም ከእህል ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንድ ክረምት ከምስማር ላይ ኮቱን ሳነሣ ኪሱ ውስጥ ገብስ በቅሎ አግኝቻለሁ። ጫማው ደግሞ የጎበኘውን ቀበሌ ሁሉ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ዘመናችንን በሙሉ የተጣላነው በዚያ ጭቃ ነው።

«ጫማህን በር ላይ!» እለዋለሁ።

«ይህ እኮ ጭቃ አይደለም፣ የሰው ማሳ ነው። እንግዳ ከበር ይመለሳል እንዴ?» ይለኛል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን በጠዋት ወጣና ማስታወሻ ደብተሩን ረስቶ ተመለሰ። ሊሾውን አጥቤ ገና ውኃው አልደረቀም ነበር። ከነጫማው ዘው ብሎ እስከ ጠረጴዛው ሄደ። እኔም ያን ቀን ሌላ የሆነ ነገር አበሳጭቶኝ ይሁን አላውቅም፣ «አንተ ሰው ነህ ወይስ ከብት? ሁለተኛ እንዲህ ሆነህ ቤቴ እንዳትገባ!» አልሁት። ሣቀ። ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሆን ማሳ ዳር ወደቀ። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። በእግሩ ሁለተኛ አልገባም።

የለቅሶውን ቀን አላስታውሰውም። ከዚያ በኋላ ሴቶች «አንቺ እኮ ሙሾ አወረድሽ» ሲሉኝ አላመንሁም። በሰው ለቅሶ ላይ እንኳ አንዲት ስንኝ ወርውሬ የማላውቅ፣ ዝም ብዬ እንባዬን የምጠርግ ሰው ነኝ። ደጋግመው ስለነገሩኝ አንዷን ብቻ ያዝሁ፦

ኮትህ ከምስማሩ እንደተሰቀለ፣
በኪሱ ያለው ገብስ አፈር አፈር አለ።

ሌላውን ማንም በትክክል አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነበር። ለዚያ ሰው በመጨረሻ ያልሁት ቃል «ከብት» ነው። ይቅርታ ሳልለው ሄደ። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ጸልዪለት፤ እሱ ያን ቃል ከበሩ አሳልፎ አልያዘውም» አሉኝ። አልተጽናናሁም። ሌሊቱን እንጃ፣ ቀኑን ግን ወለሉን ባየሁ ቁጥር ያ ቃል ይመጣብኛል።

በጥር መጨረሻ እሑድ ጎረቤቴ መጣች። ሙስሊም ናት፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ጨርቅ ትነግዳለች።

«እቴ፣ ነይ እስኪ። ሱቄ በር ላይ ሥዕል ሰቅለውብኛል። በሬ ነው ይላሉ፣ ወላሂ ለእኔ ፍየል ነው የሚመስለኝ። የገበሬ አገር ልጅ ነሽ፣ አንቺ ፍረጂ።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዘፈን ካለበት ምን ይሠራል?»

«ዘፈኑ አዳራሽ ነው። አንቺ እኔ ዘንድ ትቀመጫለሽ። ጥቁር ልብስ እንደሆነ ሱቄ ውስጥ በጣቃ ሙሉ አለ፣ ባዕድ አትሆኚም።»

ሄድሁ። በሬው ሐምራዊ ነው፤ ቀንዱ ወደ ኋላ የዞረ፣ ጢም የመሰለ ነገር ያለው። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቅሁ። እሷም በመሣቄ ደስ ብሏት «አብሽሪ፣ እንዲህ ነው እንጂ» እያለች ወንበር አወጣችልኝ። ሰው በግርግር አለፈና አዳራሹን ሞላው። ለካስ ድምፅ ማጉያውን ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ አዙረው ሰቅለውታል።

አስተዋዋቂው እንዲህ አለ፦ «ቀጥሎ ከአካባቢያችን የተሰበሰበ፣ ገጣሚው ያልታወቀ የሕዝብ ግጥም!»

ማሲንቆ ተነሣ። ኦርጋን ገባ። ጭብጨባ። ከዚያ አንዲት ልጅ፦ «ኮትህ ከምስማሩ እንደተሰቀለ...»

ጎረቤቴ ከንፈሯን ነከሰች። በለቅሶ የወጣ ቃል በጭክጭካ እየተመታ ነው፤ ሰው በትከሻው እየተቀበለው ነው። ልጅቷ ቀጠለች፦

ወንዙን የምትሻገር ድንጋይ እየመረጥህ፣
ዛሬስ በየት በኩል ሳትነግረኝ አመለጥህ።

ይህን አላውቀውም ነበር። ግን የእኔ መሆኑን ሰውነቴ አወቀው። የወንዙ ድንጋይ አመራረጥ የእሱ ነው። ከዚያ አዝማቹ መጣ፣ የሚደጋገመው፣ ሁሉም አብሮ የሚለው፦

ከነጭቃህ ግባ፣ አልቆጣም ከእንግዲህ፣
ቤቱን ለማን ብዬ ልጥረገው እንደዚህ።

አዳራሹ ፈነዳ። ወንዶቹ አፏጩ። «እኔ ልግባ!» የሚል ተሰማ። «ድገሚው! ድገሚው!» አሉ። የሴት ጥሪ አድርገውት ነበር፣ ሰውን ወደ ቤት የመጋበዝ ጨዋታ።

ተነሣሁ።

«እቴ፣ ተይ» አለችኝ ጎረቤቴ።

«አልተውም።»

መንገዱን በጥቁር ልብሴ ተሻገርሁ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። መድረኩ ላይ ያለችውን ልጅ አወቅኋት፤ እጇን ይዤ «ሀ»ን ያስጻፍኋት ተማሪዬ ናት። በጣቷ እየጠቀሰች፣ ዐይኗን እየሰበረች ነበር «ከነጭቃህ ግባ» የምትለው። ስታየኝ ድምፅዋ ቆመ። ኦርጋኑ ግን ብቻውን መሄዱን ቀጠለ።

«እናታችን፣ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ» አለኝ አስተዋዋቂው።

«አልቀመጥም። ገጣሚው አልታወቀም ያልኸው አንተ ነህ? ይኸው ታወቀ።»

ሣቁ። የትርኢቱ አካል መስያቸው አጨበጨቡልኝ! እስካሁን ከሁሉ የሚከነክነኝ ያ ጭብጨባ ነው። «ይህ የባሌ ለቅሶ ነው» ስል ነው ዝም ያሉት። አስተዋዋቂው ማጉያውን ከአፉ አራቀና፣ «እናቴ፣ ይህ እኮ የሕዝብ ቅርስ ነው። እንዲያውም ሊኮሩ ይገባል። ለሚቀጥለው ወር የምስክር ወረቀት እናዘጋጅልዎታለን» አለኝ።

የምስክር ወረቀት! ለምኑ? ባሌ መሞቱን ይመሰክርልኛል? እኛ አገር ሙሾ እንዴት እንደሚወርድ ያ ልጅ ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል፣ ቃሉ የሟቹ ይሆናል። ከለቅሶ ድንኳን ሰርግ ድንኳን ይዞት የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም። ቅርስ የሚባለው ነገር ባለቤት የሌለው ይመስላቸዋል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ። ቤቴ ከአዳራሹ ቢጣሩ የሚሰማበት ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ይህን ያልሽው አንቺ ነሽ?» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ወጣሁ። ልጅቷ ከኋላዬ እየሮጠች መጥታ ከአዳራሹ ጀርባ ደረሰችብኝ። ኩሏ በእንባ ወርዷል።

«ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ። ለቅሶው ላይ ነበርሁ። በስልኬ ቀዳሁት። በጣም ወድጄው ነው።»

«ወደሽው ነው በጭክጭካ ያስጨፈርሽበት?»

«ቀስ ካለ ሰው አይሰማም አሉኝ።»

«የኮቱን እሺ፣ አገር ያውቀዋል። የጭቃውን ከየት አመጣሽው? ከራስሽ ጨምረሽ ነው?»

አፈጠጠችብኝ። «እርስዎ ነዎት እኮ ያሉት፣ ቲቸር። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል። በሩን በሁለት እጅዎ ይዘው አላሳልፍም ብለው። አያስታውሱም?»

ስልኳን ከጆሮዬ አስጠጋችው። መጀመሪያ ጫጫታ ብቻ ነው። ቀጥሎ የተሰነጠቀ፣ የወንድ የሚመስል የሴት ድምፅ። የእኔ ነው። «ከነጭቃህ ግባ፣ አልቆጣም ከእንግዲህ።» ሴቶቹ ተቀበሉት። ደገምሁት። ተቀበሉት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ «በቃ ልጄ፣ ሰምቶሻል፣ አሳልፊን» ይላል።

ብዬው ነበር። ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሩ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ብዬው ነበር። እኔ ብቻ ነበርሁ ያላወቅሁት።

ልጅቷ ይቅር ያልኋት መስሏት ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች። አላልኋትም። ስልኬ ላይ እንድታዛውርልኝ አደረግሁና እንዲህ አልኋት፦

«የኮቱን ዝፈኚ። የወንዙንም ዝፈኚ። የጭቃዋን ግን መልሺልኝ።»

«አንዴ የወጣ እንዴት ይመለሳል፣ ቲቸር?»

«ከአፍሽ አታውጪው።»

«እሺ።»

ጾም ገባና ጉዞው እስከ ፋሲካ ቆመ። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሲጀመር እኔ አልሄድሁም፤ ጎረቤቴ መጥታ ነገረችኝ። ልጅቷ ቃሏን ጠብቃለች። ሁለቱን ስንኝ ብላ፣ ኦርጋኑን አስቁማ ዝም አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አዳራሹ ራሱ ጨረሰው፣ እቴ። እስከ እኔ ሱቅ ነው የተሰማው። ሐምራዊዋ ፍየል እንኳ ሳትቀበል አልቀረችም።»

አልሣቅሁም። ሰውን ሁሉ አፉን ልይዘው ነው? ንዴቱ እንደ አዲስ ተነሣብኝ፣ ሳምንት ሙሉ ከሰው አልተነጋገርሁም። የምስክር ወረቀቱንም በሰው ላኩልኝ፤ ስሜን ተሳስተው ጽፈውታል። መለስሁላቸው።

አሁን ሰኔ ነው። ቅዳሜ ገበያ ውሎ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሰው በቤቴ በር ላይ ባጃጅ ይጠብቃል። ትናንት አንድ ሽማግሌ ገበሬ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ባጃጅ አጠገብ ቆመው ሲያመነቱ በመስኮት አየሁ። ጆንያቸውን ታቅፈዋል።

ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ከነጭቃህ ግባ!» አላቸው በዜማ።

ቀልድ አደረጋት! ነጠላዬን ሳብ አድርጌ፣ ልቆጣው እስከ በር ወጣሁ።

«ወንበርህ ይበላሽብሃል፣ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

«አልቆጣም ከእንግዲህ!» አለና ሸራውን ገለጠላቸው።

ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔ አፌን ከፍቼ በሩ ላይ እንደቆምሁ ባጃጁ ሄደ። ከዝናቡ ስመለስ ጫማዬን አላወለቅሁም ኖሮ፣ ሊሾውን እስከ ጠረጴዛው ድረስ በጭቃ ረግጬዋለሁ። ዛሬም አልጠረግሁትም።