ጋሽ ደምሴን ላለማሸነፍ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ አማቴ ጋሽ ደምሴ ቶሮንቶ ውስጥ ዌስተን ሰፈር በሚገኘው ቤታችን በረንዳ ላይ ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ዊልቸራቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ድንገት «ይልማ፣ ያቺን ሳህን ፈልጋትና እንሂድ» አሉኝ። ሳህን የሚሏት ቀይዋን የፕላስቲክ መወርወሪያ ዲስክ ነው። ወደ ዘጠና እየተጠጉ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳን ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ ሰሎሜ ከኩሽና አንገቷን ብቅ አድርጋ በዓይኗ «ተው» አለችኝ። እኔ ግን ዲስኳን ከቁም ሳጥኑ ስር ጎትቼ አወጣሁ። ጠርዟ ላይ ያለችውን ጭረት በጣቴ ዳሰስኳት። ልጆች አድርሼ፣ ፀጉሬ ገብስማ ሆኖ፣ ያቺን ዲስክ በያዝኩ ቁጥር ዛሬም እንደዚያን ቀን እሆናለሁ።

ያን ጊዜ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባል ሰፈር ከጓደኛዬ ከታደለ ጋር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን። እኔ ዳቦ ፋብሪካ እሠራለሁ፤ ሰሎሜ ፓርክዴል ተከራይታ ነርሲንግ ትማራለች። ተዋወቅን፣ ተዋደድን፣ ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። አባቷ ግን ቀደሙኝ። «ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት ልጁ ራሱ ይምጣና ልየው» ብለው ላኩብኝ። ሰሎሜ ለሳቸው አንድ ናት። እናቷ ሱዳን ስደት ላይ ሳሉ አርፈው፣ ፀጉሯን እየጎነጎኑ ያሳደጓት ጋሽ ደምሴ ናቸው። «አባባ እምቢ ካለ እኔም አልችልም» ስትለኝ እያለቀሰች ነበር። እንግዲህ የሕይወቴ ነገር በዚያች በአንድ ቀን ጉብኝት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

ጋሽ ደምሴ ከቶሮንቶ በስተሰሜን የአንድ ሀብታም ቤተሰብ ሰፊ የገጠር ርስት ጠባቂ ነበሩ። ሣር ያጭዳሉ፣ አጥር ይጠግናሉ፣ በረዶ ይጠርጋሉ፤ የሚኖሩት በሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤት ነው። የባለርስቶቹ ልጆች በአንድ በጋ በፖም ዛፎቹ መሃል አጭር የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ሠሩና ወዲያው ሰልችቷቸው ጥለውት ሄዱ። ሜዳ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በብረት ምሰሶ ላይ ሰንሰለት የተንጠለጠለባቸው ስድስት ቅርጫቶች ናቸው። ዲስክ እየወረወሩ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት ነው፤ በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ልጆቹ የተዉት ጨዋታ ጋሽ ደምሴን ለከፋቸው።

«አባባ ሲሪየስ ነው» አለችኝ ሰሎሜ። «ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ያጫውተዋል። ፕሊስ፣ ፕራክቲስ አድርግ፣ እንዳታሳፍረኝ።»

ፕራክቲስ አደረግሁ። ከሺፍት ስወጣ ሳልተኛ ከፎቃችን በታች ወዳለው ሸለቆ እየወረድኩ ዛፍ ስመታ ሰነበትኩ። እጄ ለካ ለዚህ ነው የተፈጠረው! ብዙም ሳልቆይ የፈለግኩት ግንድ ላይ ማሳረፍ ጀመርኩ። ደስ ብሎኝ ለታደለ ብነግረው በሳቅ ፈረሰ።

«አብደሃል እንዴ? ሰውዬውን በገዛ ሜዳቸው አሸንፈህ፣ ቀጥለህ ‹ልጅዎን ይስጡኝ› ልትል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ተሸነፍላቸዋ! ግን አደራ፣ አልቻለም እንዳይሉህ። ለጥቂት ነው መሸነፍ ያለብህ።»

ይቺ «ለጥቂት» የምትባል ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ። ነገሩ ግን ልክ መሰለኝ። እኛ ቤት ታላቅ ሲገባ ብድግ ይባላል፣ ታላቅ ሳይጀምር እጅ ወደ ማዕድ አይሰደድም፤ እና አማት ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ይሸነፋሉ? ነውር አይደል?

ቅዳሜ ቀን ነበር፣ መስከረም ውስጥ። ሰሎሜ ምሳ ልታዘጋጅ በዋዜማው ቀድማ ሄዳለች። ከባሱ መስኮት ውጪ የደረቀ የበቆሎ ማሳ፣ መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ዱባ፣ ጫፍ ጫፉ መቅላት የጀመረ የሜፕል ዛፍ ያልፋል። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን አዲሱ ሸሚዜ አንገቴን አንቆኝ፣ ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ዳቦ እስኪጨማደድ አቅፌው፣ «ለጥቂት፣ ለጥቂት» እያልኩ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ ፌርማታው ላይ ፒክአፓቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው እስከ ቅንድብ የወረደ።

«ይልማ አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ግባ።»

ወደ ርስቱ ነዱ። ቤቱ በር ላይ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ተቀበለን፤ ሰሎሜ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጥታ ፊቴን ስታይ እሷም ደነገጠች። አባቷ ቀይ ዲስክ አስጨበጡኝ። «ምሳው ይደርሳል። መጀመሪያ ጨዋታ» አሉና ቀድመውኝ ወደ ፖም ዛፎቹ ሄዱ።

የመጀመሪያውን ቅርጫት እሳቸው ወሰዱ፣ ሁለተኛውን እኔ፤ ሁሉ እንደ ታደለ ምክር ሄደልኝ። ሦስተኛው ላይ ጭንቅ መጣ። የእሳቸው ዲስክ ዛፍ መትታ ወደኋላ ቀረች፣ የኔዋ ቅርጫቱ ስር ቁጭ ብላለች። ሕፃን እንኳን አይስታትም። እኔ ሳትኳት። ጋሽ ደምሴ አንድ ቅንድባቸውን ብቻ አነሱ። አራተኛው ላይ ደግሜ ሳትኩ፣ አሁንም ከአፍንጫዬ ስር። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። የወደቀ ፖም እየረገጥን ስንሄድ የሚጣፍጠው ሽታ ራሴን አዞረኝ። ምን ያስባሉ? እጁ የማይረባ ልጅ ነው ብለው ይሆን? ወይስ ነቅተውብኛል?

ወደ አምስተኛው ቅርጫት ስናመራ አንዷን ዲስካቸውን ጥድ ስር ረስተዋት ኖሯል። «ይልማ! ያቺን ወዲህ በላት!» ብለው ከማዶ ተጣሩ። አነሳሁና ወረወርኩላቸው። ጨዋታ መሆኑን ረሳሁት፤ ታላቅ አዘዘ፣ ታዘዝኩ፣ በቃ። ዲስኳ በሁለት ጥድ መሃል ሾልካ፣ ዝቅ ብላ በርራ፣ መዳፋቸው ላይ አረፈች። ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

ክው አልኩ።

ጋሽ ደምሴ ዲስኳን አዩ፣ መንገዷን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ቅድም አፍንጫው ስር ያለውን ቅርጫት የሳተው ልጅ አንተ ነህ?»

«ጋሼ…»

«መልስልኝ እንጂ!»

«ለአክብሮት ብዬ ነው ጋሼ። እርስዎን ማሸነፍ ነውር መስሎኝ።»

«አክብሮት!» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸውን መቱበት። «ስማ። እኔ ያለሁት እዚህ ጫካ ውስጥ ነው። ልጄ እዚያ ከተማ ካንተ ጋር ልትኖር ነው። ነገ ብትታመም፣ ብትጣሉ፣ ደውዬ ስጠይቅህ ‹ደህና ነን ጋሼ› ልትለኝ ነው? ለአክብሮት? እሷ እንደሆነች እንዳልጨነቅ ብላ ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የምትለኝ። ሁለት ውሸታም ምን ያደርግልኛል?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ሰሎሜን እዚያው ፖም ዛፍ ስር ያጣኋት መሰለኝ። አምስተኛውን ቅርጫት ሳንጫወትበት አልፈው ከኩሬው ማዶ ያለውን የመጨረሻውን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ወርውር። አሁን እንደ እውነትህ።»

ከኩሬው ዳር ቆምኩ። ብስት አሁንም ዋሸኝ ሊሉ ነው፤ ባልስት ቅድም መዋሸቴ ይበልጥ ሊገለጥ ነው። «እመቤቴ ድረሽልኝ» አልኩና ለቀቅኳት። ዲስኳ ከውሃው በላይ ዞራ ሄዳ፣ የቅርጫቱን ጠርዝ ገጭታ፣ ሰንሰለቱን አንቋቋችና ገባች። ጋሽ ደምሴ «እህ» አሉ።

ምሳው ቀይ ወጥና የበቆሎ እሸት ነበር። ቅመሱኝ ቅመሱኝ ከሚለው ወጥ ከሁለት ጉርሻ አላለፍኩም። ሰሎሜ ከጠረጴዛው ስር እግሬን ትነካካኛለች፤ ምን ብዬ ልንገራት? አባቷ ስለ በረዶ መጥረጊያ ማሽናቸው ብልሽት ትንሽ አወሩ። ከምሳ በኋላ ወደ ፌርማታው መለሱኝ። በሩን ከፍቼ ልወርድ ስል ቀይዋን ዲስክ ጭኔ ላይ ጣሏት።

«ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ይምጡ» አሉ። «ሁለተኛ ግን…» ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፣ አልጨረሱትም።

ባሱ ውስጥ ገብቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ዓመታት አልፈው ሰሎሜ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ደም ፈሷት የተጨነቅን ለት፣ «ለአባባ እንዳትነግረው» እያለችኝ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ደወልኩላቸው። እንዳለ ነገርኳቸው። ያን ሁሉ መንገድ በበረዶ ነድተው ደረሱልን።

እና ባለፈው እሁድ ቤታችን አጠገብ ወዳለው መናፈሻ ወሰድኳቸው። ቅርጫት የለም፤ የቆሻሻ በርሜሉን ዒላማ አደረግን፣ የቀረበ ያሸንፋል ተባባልን። ከዊልቸራቸው ላይ ወረወሩ። ዲስኳ ትንሽ ተንሳፍፋ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀች። ተራዬ ደረሰ። እንደ እውነቴ ወረወርኩ፤ ትከሻዬ ላይ አንዳች ነገር ጠዘጠዘኝና ዲስኳ ወደ ግራ ተጣማ ከመናፈሻው አጥር ማዶ ወደቀች።

ያው የድሮው ዓይናቸው ዞረብኝ። «ሆን ብለህ ነው?»

«በእግዚአብሔር ጋሼ፣ ሳትኩ። ትከሻዬን ማመም ከጀመረኝ ሰነባብቷል። ለሰሎሜ አልነገርኳትም።»

«ለሐኪም አሳየው» አሉ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ታዲያ አሸነፍኩህ!»

ቤት ስንገባ ሰሎሜ ወሬውን ሰምታ ሳቀች፣ ጆሮዬ ስር መጥታም «ለአባባ ብለህ ነው የሳትከው፣ አውቄሃለሁ» አለች። በሹክሹክታ ነበር፤ ሰውዬው ግን ጆሯቸው አላረጀም።

«ይልማ ሳትኩ ካለ ሳተ ነው!» ብለው ከበረንዳው ጮኹባት።

በሕይወቴ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። እንደዚያች ንግግር ግን አንጀቴን ያራሰው የለም። ትከሻዬንም ለሰሎሜ ያኔውኑ ነገርኳት፤ ሐሙስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።